የአጎቴ ጀልባ፦ ከሰኔ እስከ ጥቅምት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 8፣ 2016

ጀልባዋ ልትጠገን ደሴ ገባች። ከሐይቅ ከተማ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አይሱዙው ግን ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሹፌሩ ዳገቱ ላይ እየቆመ ገመዱን ይፈትሻል። "ጀልባ ወደ ተራራ ጭኜ አላውቅም" አለኝ። ሐይቁ ከደሴ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል አልፈረድኩበትም። ግቢ ስናወርዳት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ኖኅ እያለ ይጠራኝ ጀመር።

ልኳ፦ ርዝመት 4.60 ሜትር፣ ወርድ 1.40። ወለሏ ጠፍጣፋ፣ በግራና በቀኝ አራት አራት ጣውላ፣ ጣውላው 2.5 ሳንቲም ውፍረት፣ ከውስጥ ዘጠኝ ጎድን። አጎቴ ከሃያ ዓመት በላይ ዓሣ አጥምዶባታል። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄድ እንግዳም ያሻግርባት ነበር። ገዳሙ ያለበት ቦታ ዱሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባል። በጀልባ መሄድ የሚወድ ግን አይጠፋም። አጎቴ ወገቡን ካመመው ወዲህ ሁለት ዓመት ዳር ላይ ተቀምጣለች። ያውም አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ።

እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ከእንጨት ጋር የምገናኘው ኮርኒስ ውስጥ ሽቦ ስስብ ብቻ ነው። ይኼን አስቀድሜ ልናገር።

ሰኔ 12

ዛሬ ሥራው መውጋት ነበር። ቀጭን ካቻቪቴ ይዤ በየአሥር ሳንቲሙ ወጋኋት። ጤነኛ እንጨት ካቻቪቴውን ይመልሰዋል። የበሰበሰው ይውጠዋል። በግራ የታችኛው ጣውላ 1.10 ሜትር ያህል ርዝመት ዋጠው። በቀኝ 70 ሳንቲም። የኋላ ሰሌዳዋ ታችኛው ጥግ ላይ ካቻቪቴው በሌላ በኩል ወጣ። ሁለት ጎድኖችም አልቀዋል።

ያበሰበሳት ሐይቁ መስሎኝ ነበር። ለካ ዝናቡ ነው። ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚኖር እንጨት አየር ስለማያገኝ ቶሎ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው እየረጠበ አየርም የሚያገኘው ነው። ሁለት ክረምት ውስጧ ተጠራቅሞ የከረመው የዝናብ ውሃ ታችኛውን ጥግ በላው። ገልብጠው አስቀምጠዋት ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሥራ ባልኖረ።

ሰኔ 19

ሚስማር መንቀል። ሁሉም ተራ የብረት ሚስማር ነው። ዙሪያው ያለው እንጨት ጠቁሯል። 84 ሚስማር ነካሁ፤ 61 ወጡ፣ 23 አንገታቸው ተቆርጦ ውስጥ ቀሩ። በፒንሳ ብዬ፣ በመሮ ብዬ፣ እንጨቱን ይበልጥ አበላሸሁት።

በመጨረሻ የሠራልኝ የተሰበረ ጃንጥላ ነው። የጃንጥላው ዘንግ ባዶ የብረት ቱቦ ነው። አሥራ ሁለት ሳንቲም ያህል ቆረጥኩና ጫፉን በሞረድ ጥርስ አወጣሁለት። ድሪል ላይ አስገብቼ ሚስማሩን መሐል አድርጌ ዙሪያውን ስሰረስር፣ ሚስማሩ ከነእንጨቱ እንደ ቡሽ ወጣ። ቀዳዳው በወይራ ሽብልቅ ይደፈናል። ደሴ በክረምት የተሰበረ ጃንጥላ አይቸግርም።

ሰኔ 23

ስለ እሑድ ማታው ስልክ ልጻፍ፤ ከዚህ በኋላ ብዙ ስለሚነሳ።

ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሐይቅ ያሉት ጋሼ ናቸው፤ የአጎቴ የሥራ ጓደኛ፣ አሁንም ጀልባ ያላቸው። ሁለተኛው ባሕር ዳር ያለ ወዳጄ ነው፤ የአንድ ሆቴል ኤሌክትሪክ አብረን ስንዘረጋ የተዋወቅነው፣ በኋላ የእንጨት ጀልባ ገዝቶ ያበደ። ሦስተኛው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ባቱ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መስመሩን አገናኝቼ አራታችንም እናወራለን። ግማሹ ወሬ ስለ ዓሣ ዋጋ ነው።

"በክረምት ጀመርኩ" ስላቸው ጋሼ "ደግ አደረግህ" አሉ። "ክረምት እንግዳ የለም፣ ነፋሱም አያስወጣም። ጀልባ የሚታየው ያኔ ነው። ብቻ እንጨቱ አይደርቅልህም፤ እሱን አስብበት።"

የመጀመሪያውን ሰማሁ። የመጨረሻዋን አልሰማሁም።

ሐምሌ 3

ዝናቡ ገባ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ይተኛል። በሞራሌ መቃን ሠርቼ ላስቲክ ወጠርኩላት። ላስቲኩ ዝናቡን ከለከለ፤ እርጥበቱንም ውስጥ አቆየው። ጠዋት ስገባ ከላስቲኩ ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ አለ፤ ከሰማይ የመጣ ሳይሆን ከራሷ የወጣ። ግራና ቀኙን ከፈትኩት።

ትናንሽ ቀዳዳዎችን የቤት ግድግዳ በምንደፍንበት ስቱኮ ሞላሁ። ነገሩ ጀሶ ቢጤ እንደሆነ ረስቼ። በሦስተኛው ቀን በጣት ስነካው እንደ ገንፎ ሆነ። 450 ብር።

ሐምሌ 11

የዚህ ሳምንት ጥፋት ሁለት ነው።

አንደኛ፣ የተልባ ዘይት። እንጨት ይጠብቃል መባሉ ልክ ነው። ወሎ ደግሞ ተልባ አይታጣም። ከመጭመቂያ ቤት ሦስት ሊትር ገዛሁና ወፍራም አድርጌ ቀባኋት። ጥሬ የተልባ ዘይት የሚደርቀው ውሃው ስለሚተን አይደለም፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነው የሚጠነክረው። በደሴ ብርድና እርጥበት ይኼ ሳምንታት ይወስዳል። ስምንት ቀን ሆነው፣ እስካሁን እጅ ይይዛል። ትንኝ፣ አቧራ፣ የዶሮ ላባ ሳይቀር ተለጥፎባታል። ጥግ ጥጉ ላይ ሻጋታ ጀምሮታል።

ሁለተኛው ይብሳል። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ አጭቄ ካርቶን ውስጥ ከትቼው ነበር። ማታ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ካርቶኑን ስከፍት ጨርቁ እጅ አያስነካም፣ መሐሉ ቡኒ ሆኖ ይጨሳል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይሰጣል፤ ጨርቁ ተጨብጦ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ራሱ ይቀጣጠላል። እሳት ሳልለኩስ ቤት ላቃጥል ነበር። አሁን ጨርቁን አንድ በአንድ ሽቦ ላይ አሰጣለሁ። እናንተም አስጡ።

ሐምሌ 17

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የለኝም። የባሕር ዳሩ ወዳጄ ዘዴ ነገረኝ። ከጤነኛው ጣውላ ቁራጭ ወስደህ መዝን። ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀህ እንደገና መዝን። ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት አካፍል።

ጎረቤት ዳቦ ቤት ዲጂታል ሚዛን አለ፤ ምድጃውም ማታ ሲጠፋ ለብ ብሎ ያድራል። ቁራጩ ሲገባ 212 ግራም ነበር። በሦስተኛው ሌሊት 168 ላይ ቆመ። 44 ሲካፈል ለ168፣ 26 በመቶ። ዳቦ ጋጋሪው "ይኼ ዳቦ መቼ ነው የሚበስለው?" እያለ ሦስት ቀን ሳቀብኝ።

26 በመቶ እርጥበት ባለው እንጨት ላይ ቀለም ብትቀባ ይላጣል፤ ኮላም አይዝም። በዚህ ጉም ደግሞ እስከ መስከረም አይወርድም። ጋሼ የተናገሯት የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አሁን ገባችኝ።

ሐምሌ 21

ወደ ኮምቦልቻ ወሰድኳት። ሃረጎን ስንወርድ ሙቀቱ በየጠመዝማዛው ይለወጣል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ዝናቡ ቢኖርም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይወጣል። አንድ የማውቀው ነጋዴ ግማሽ ባዶ መጋዘን አለው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሁለቱም በሩ ክፍት። የመብራት ሥራውን በነፃ ልሠራለት ተስማማን። ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት፤ ለምስጡ ደግሞ ድንጋዩ ዙሪያ የተቃጠለ ዘይት አፈሰስን። ደሴ ብርድ ነው እንጂ ምስጥ አያስቸግርም ነበር። ሁሉም የራሱ ጣጣ አለው።

እስካሁን የወጣ፦ አይሱዙ ከሐይቅ 4,000፣ ጫኝና አውራጅ 1,500፣ ላስቲክና ገመድ 1,850፣ የተልባ ዘይት 1,800፣ ስቱኮ 450፣ ወደ ኮምቦልቻ ከነጫኙ 4,200። ድምር 13,800 ብር። አንድም አዲስ ጣውላ ገና አልተመታም።

ሐምሌ 24

ቀለም ልገዛ ገባሁ። ከትናንት በስቲያ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተብሎ ዶላር በባንክ በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ዘሏል። ባለፈው ሳምንት 2,300 ያለኝ የአራት ሊትር ሲንቴቲክ ቀለም መደርደሪያው ላይ አለ። ባለ ሱቁ ግን "ዛሬ አልሸጥም፤ ዋጋውን እኔም አላውቀውም" አለ። ምን ይላሉ? ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

ነሐሴ 4

የጣውላ ነገር። ዋንዛ ነው የሚያስፈልገኝ፤ የድሮዎቹም ዋንዛ ናቸው። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ደግሞ ከዝግባ፣ ከጽድና ከኮሶ ጋር እንዳይቆረጥ በሕግ ከተጠበቁት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው፤ "ከየት አመጣኸው" የማይባል ዋንዛ ያስፈልጋል። ደሴ ውስጥ የፈረሰ አሮጌ ቤት ሁለት ትልልቅ የዋንዛ መዝጊያ ተገኘ። 6,000 ብር። ቀለሙ ሲላጥ ከሥር የወጣው እንጨት ማር ይመስላል። ማጠፊያ በነበረበት ቦታ ያሉት ቀዳዳዎች ብቻ ይደፈናሉ።

ችግሩ መታጠፍ ነው። ጣውላው ወደ አፍንጫዋ ሲሄድ መጉበጥ አለበት። እንጨት በእንፋሎት ይለሰልሳል። በርሜል ላይ ውሃ አፈላሁና እንፋሎቱን በወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳለፍኩት፤ ጣውላው ቱቦው ውስጥ ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቱቦው ራሱ ለስልሶ እንደ አንጀት ተንጠለጠለ። ጣውላው ግን ምንም አልሆነም።

ነሐሴ 9

ከኮምፔንሳቶ ረዥም ሣጥን ሠራሁ። አንድ ሰዓት በእንፋሎት፤ ለ2.5 ሳንቲም ውፍረት የሚባለው ልክ እሱ ነው። አወጣሁ፣ ጎነበስኩ፣ ገፋሁ። ቷ! መሐል ለመሐል ተሰበረ።

እሑድ ማታ ችሎት ቀረብኩ። ሁለት ጥፋት ተገኘብኝ። አንደኛ፣ ስንት ዘመን የደረቀ የመዝጊያ እንጨት እንደ እርጥብ አይታጠፍም፤ መጀመሪያ ውሃ መጠጣት አለበት። ሁለተኛውን የባሕር ዳሩ ነው ያሰበው። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ከመቶ ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ደሴ ላይ 92 ገደማ፣ ኮምቦልቻ 94 ገደማ። እንፋሎቱም ያንን ያህል ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን አስረዝም።

የባቱው ዘመዴ "ብረት አልብሳትና ተገላገል፤ ላሜራ አይሰነጠቅ፣ አይጠጣ" አለ። ጋሼ መልሰው "ላሜራ ሲበሳስ ቀጥታ ወደ ታች ነው የሚወስድህ። እንጨት ሰጥሞም ይንሳፈፋል" አሉ። አንድ ሰዓት ተከራከሩ። ካርዱ የእኔ ነበር።

ነሐሴ 17

አምስት ቀን በርሜል ውስጥ ነከርኩ (ጫፉን፤ ሙሉው አይገባም)። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በእንፋሎት። ሁለት ሰው ይዞልኝ፣ ጓንት አድርገን፣ ከሣጥኑ ወጥቶ ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ጎድኑ ላይ አሰርነው። እሺ አለ። ማመን ስላቃተኝ እስከ ማታ ገመዱን አልፈታሁም።

ነሐሴ 25

ማያያዣ። በብረት ሚስማር አልመለስም። እዚህ የእኔ ሙያ ጠቀመኝ። 10 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ የመዳብ ሽቦ አለኝ፤ ሲላጥ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ገደማ ነው። አምስት አምስት ሳንቲም ቆርጬ፣ ሞርሳ ላይ አስሬ ራስ አወጣሁለት። ከውጭ ገብቶ ጎድኑን አልፎ በውስጥ በኩል ሮንዴላ ይለብስና ጫፉ ተመትቶ ይደፋል። የመዳብ ሮንዴላ በዚህ ልክ ስላላገኘሁ የአሮጌ ፍሪጅ ቱቦ ሰንጥቄ ጠፍጥፌ በሳሁ። ሁለት ማታ ፈጀ።

መዳብ ሲመታ ይጠነክርና ይሰነጠቃል። አግለህ ውሃ ውስጥ ስትነክረው ይለሰልሳል። የብረት ተቃራኒ ነው። ይኼን ሳላውቅ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኙ ራሳቸው ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ 86 መታሁ። አሮጌ የብረት ሚስማር አጠገቡ እንዳይቀርም ተጠነቀቅኩ፤ መዳብና ብረት ውሃ ውስጥ ከተነካኩ ብረቱ ቶሎ ይበላል።

ነሐሴ 28

እንደገና ሚዛን። ሌላ ቁራጭ፦ ከ210 ወደ 179 ግራም። 17 በመቶ። ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ጣውላዎቹ ደርቀው ጠበቡ። 20 ሳንቲም ወርድ ያለው ጣውላ አራት ሚሊ ያህል ሸሽቷል። በመጋጠሚያዎቹ መሐል የመጋዘኑ በር ይታየኛል። ርዝመቱ ግን ፍንክች አላለም፤ እንጨት በወርዱ እንጂ በርዝመቱ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም።

ጳጉሜን 2

መጋጠሚያዎቹን ደፈንኩ። አጠገባችን ያለ ጋራዥ መኪና የሚለስኑበት ስቱኮ አለ፤ ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ በሩብ ሰዓት እንደ ድንጋይ የሚሆነው። ሰባት ቆርቆሮ፣ 5,600 ብር። ሁለት ቀን ለሰንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። እንደ አዲስ መኪና አማረች። ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ላኩ።

ከዚያ "እስቲ ውሃ ትይዝ እንደሆነ" ብዬ ውስጧ እርጥብ ጆንያ አነጠፍኩ፣ ሃያ ባልዲ ውሃ ጨመርኩ። ጠብ አላለም። ደሴ ሄጄ ተኛሁ።

ጳጉሜን 4

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ዘበኛው ደወለ። "ወንድሜ፣ ጀልባዋ ትናገራለች።"

"ምን ትላለች?"

"ቷ ቷ ትላለች። እኔ እንጃ፣ ና እያት።"

ሌሊት ሃረጎን መውረድ አይታሰብም። ጠዋት ስደርስ የቀኙ ሁለተኛ ጣውላ ከሁለት ጎድን ላይ ተነስቷል። አራት መዳብ ሮንዴላውን ጥሶ ወጥቷል። አንዱ ጎድን ተሰንጥቋል፤ ያውም ከአዲሶቹ አንዱ። ስቱኮው በየቦታው ተሰነጣጥቆ ወደ ውጭ ተገፍቷል።

ማታ ለጋሼ ደወልኩ። እሑድ እስኪደርስ መጠበቅ አልቻልኩም። ነገርኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ሳቃቸውን እየያዙ እንደሆነ ያስታውቃል።

"አይ ልጄ! ክፍተቱን ሞላኸው?"

"ሞላሁት።"

"በድንጋይ?"

"በስቱኮ ነው ጋሼ።"

"እሱ ድንጋይ ነው። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ የት ይሂድ? ቦታውን ወሰድክበት። ያቺን አራት ሚሊ ውሃው ራሱ ይዘጋት ነበር። የውሃን ሥራ ለምን ትሻማለህ?" ከዚያ ለስለስ አሉ። "አብሽር። ሁላችንም አንድ አንድ ጀልባ ሰብረናል።"

ባሕር ዳር የደንገል ታንኳ ያላቸው ሰዎች ከውሃ አውጥተው ካላደረቁት ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ወዳጄ ደጋግሞ ያወራው ነበር። እኔ የእንጨት ጀልባንም እንደዚያው አስቤ ኖሯል። የጣውላ ጀልባ ግን ውሃ ካልጠጣች አትገጥምም። መድረቅ የነበረበት የምቀይረውና የምቀባው ቦታ ነው፤ እኔ ሁሉንም አድርቄ፣ በደረቀ ልኳ ቆለፍኳት።

መስከረም 6፣ 2017

እንቁጣጣሽን ስቱኮ ስፍቅ ዋልኩ። ያረጀ የመጋዝ ምላጭ ጫፉን አጥፌ መፋቂያ አደረግኩት። ግራይንደር ፈጣን ነበር፤ ግን አንዴ አምልጦኝ ጣውላው ላይ የአንድ ሜትር ጭረት ጣለ፤ ተውኩት። ስምንት ቀን። በሁለት ቀን ያስገባሁትን።

በዚያውም እያንዳንዱን መጋጠሚያ ቅርጽ አስያዝኩ። ወዳጄ እንዳለኝ በውስጥ በኩል ጣውላዎቹ ይነካካሉ፣ በውጭ በኩል ትንሽ ይከፈታሉ፤ እንደ ሽብልቅ ማለት ነው። የሚጠቀጠቀው ነገር ወደ ውስጥ እንዳያልፍ።

መስከረም 10

የሚጠቀጠቀው ጥጥ ነው። ልል ሆኖ የተፈተለ ረዥም ጥጥ። ደሴ ጎረቤታችን ያሉት እማማ እንዝርት ከእጃቸው አይጠፋም። ሄጄ ነገርኳቸው።

"ለማን ነው የምፈትለው?"

"ለጀልባ ነው እማማ።"

"ለጀልባ ነጠላ ልታለብሳት? ኧረ ጉድ!" ሁለተኛው የቡና ሲኒ ላይ እንደገና ጠየቁኝ፤ በረካው ላይ ተስማሙ። ያስቸገራቸው ልል አድርጎ መፍተሉ ነው። እጃቸው ቀጭንና ጠንካራ ነው የለመደው። "እንዲህ ያለ ክር እናቴ ብታይ በጥፊ ትለኝ ነበር" እያሉ የእርሳስ ውፍረት ያለው ፈተሉልኝ። ገንዘብ እንቢ አሉ፤ ሁለት ኪሎ ባዘቶና አንድ ኪሎ ቡና ወሰድኩላቸው።

መስከረም 16

ጥጡ ገባ። ጫፉን ባደነዘዝኩት ሰፊ መሮና በእንጨት መዶሻ። ብዙ መምታት አያስፈልግም፤ ሲጠብቅ ድምፁ ይለወጣል፣ ከ"ዱብ" ወደ "ጠቅ"። የመጀመሪያውን መስመር አብዝቼ ጠቅጥቄ ነበር፤ አወጣሁትና እንደገና።

በላዩ ለስላሳ ማጣበቂያ። የእብነ በረድ መቁረጫ ቤት የሚጥሉትን ዱቄት ለመንኩ፣ አድርቄ በወንፊት ነፋሁት። ለአንድ ኪሎ ዱቄት 200 ግራም ያህል የተልባ ዘይት፤ አሁን ከቀለም ቤት የተገዛ፣ ማድረቂያ የተጨመረበት። ትንሽ ሰም አቅልጬ ጨመርኩ። እንደ ሊጥ ይታሻል። ከላይ ቆዳ ያወጣል እንጂ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥ እሱ ይወጣል። የወጣውን መፋቅ ነው።

ቀለሙ ሁለት እጅ። 2,300 የነበረው 2,900 ገባ። የመጀመሪያውን እጅ በአኳራጅ አቅጥኜ አጠጣኋት። ከውሃው መስመር በታች ጥቁር፣ በላይ አረንጓዴ። አጎቴ ዱሮም አረንጓዴ ነበረች ብሎኛል፤ የድሮው ቅርፊት ሥር ግን ሰማያዊ ነው ያገኘሁት። አልተከራከርኩም።

መስከረም 19

መኪና የለም። ለግሸን ማርያም ንግሥ፣ መስከረም 21 ነው፣ ያለ አይሱዙና ያለ አውቶቡስ ሁሉ ወደዚያ ዞሯል። የተገኘው አንዱ እጥፍ ጠየቀ። "እርስዎ ጀልባ ነው የሚጭኑት፣ እኔ ምዕመናን ትቼ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ንግሡ እስኪያልፍ ጠበቅኩ፤ ቀለሙም ይጥናበት።

መስከረም 27

ሐይቅ። 7,000 ብር ከነጫኙ። ጋሼ ዳር ላይ ጠበቁን። አጎቴም በባጃጅ መጣ።

አስገባናት። በአምስት ደቂቃ ውሃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ዳር የነበሩት ልጆች ሳቁ። ጋሼ ግን ድንጋይ አምጡ አሉ። ውስጧ ድንጋይ ጫንን፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ውሃ ሞልተን ሆን ብለን አሰጠምናት። አፍንጫዋና ጠርዟ ብቻ ቀረ። አራት ወር የሠራሁትን በገዛ እጄ አስጥሜ ደሴ ተመለስኩ። እናቴ "እንዴት ሆነች?" ስትለኝ "ሰጠመች" አልኳት። ደነገጠች።

ጥቅምት 1

በአራተኛው ቀን አውጥተን ውሃዋን ጨለፍን። በአንድ ሰዓት ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ታስገባለች። 60 ሊትር። ብዙ ነው። ጋሼ ግን ጣታቸውን በመጋጠሚያዎቹ ላይ እያስኬዱ "ይኼ ዘግቷል፣ ይኼ ዘግቷል" ይላሉ። ወደ ውሃዋ መለስናት።

ጥቅምት 4

በሰዓት 11 ሊትር። ማጣበቂያው በየመስመሩ ትንሽ ትንሽ ወጥቷል፤ በመሮ ጠርዝ ፋቅሁት። ጣውላም ሆነ ጎድን አልተነሳም፤ ያም ሆኖ አንድ በአንድ ነካሁት።

ጥቅምት 8

ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጀሪካን ተኩል። የምታስገባው በኋላ ሰሌዳዋ የቀኝ ጥግ ነው፤ እዚያ ላይ አሮጌውን እንጨት ለመቆጠብ ብዬ አሥር ሳንቲም ትቼ ነበር። ካቻቪቴው ያኔ ትንሽ ገብቶ ነበር፤ አይቼ እንዳላየ አለፍኩት። የሚቀጥለው ክረምት ሥራ እሱ ነው። እስከዚያው መጭለፊያ ጣሳ አስሬባታለሁ።

አጎቴ ቀዘፈ። ወገቡን ያዝ እያደረገ ሃምሳ ሜትር ያህል ሄዶ ተመለሰና "መቅዘፊያው አጥሯል" አለ። ያው የድሮው መቅዘፊያ ነው።

እሑድ ማታ ስልክ ላይ የባቱው ዘመዴ "በሰዓት ስንት?" ብሎ ጠየቀ፤ ነገርኩት፤ ላሜራን አላነሳም። የባሕር ዳሩ የእማማን ክር ይፈልጋል፤ እማማ ለሁለተኛ ጀልባ ይፈትሉ እንደሆነ ገና አልጠየቅኩም። ጋሼ ሊዘጉ ሲሉ "ስማ" አሉኝ፣ "ያን የጃንጥላ መሰርሰሪያ ሰኔ ላይ ይዘህ ና። የእኔም ሚስማሮች አልቀዋል።"